ትንሿ ስልክ አትቆጠርም

ደሚቱ ፈሪ አልነበረችም። ጌጃ ሰፈር ውስጥ ጎን ለጎን ማሽን አስቀምጠን የተማሪ ዩኒፎርም ስንሰፋ ስምንት ዓመት ሆኖናል፤ ደንበኛ ሲጮህባት መቀሷን እንኳ ሳታስቀምጥ ልኩን ትነግረዋለች። ፈሪዋ እኔ ነኝ። ስለዚህ በዚያ ሐሙስ ጠዋት እሷ ስትፈራ ሳይ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

ባሏ ሰላሁን ሳር ቤት አካባቢ ላለ የግል ትምህርት ቤት ሰርቪስ ይነዳል። ከልደታ ኮንዶሚኒየምና ከሰንጋ ተራ አሥራ አራት ሕፃናት ይጭናል። አንዷ የገዛ ልጃቸው ኢሊሊ ናት፤ የሹፌር ልጅ ስለሆነች በነፃ ነው የምትማረው። ሰላሁን ደግ ሰው ነው፣ ይህን አልክድም። ደሚቱ የምትኮራው ግን በሌላ ነገር ነበር። «የኔ ባል ሜሴጅ ስልክለት አንድ ደቂቃ አያስጠብቀኝም» ትለኛለች። የኔው ሰውዬ ለበዓል እንኳ ስለማይደውል፣ ይህን በሰማሁ ቁጥር ክሩን በጥርሴ እበጥሰው ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ አዲስ ነገር አመጣ። በየሹፌሩ ስልክ ላይ አንድ አፕ ተጫነ፤ መኪናው እየሄደ ስልኩ ከተነካ ይመዘግባል። መንፈቀ ዓመቱን አንዴም ያልነካ ፍሪጅ ይሸለማል ተባለ። ሰላሁን ተሸለመ። ዳይሬክተሩ አቶ ገብረጊዮርጊስ በወላጆች ፊት፣ «አምስት ወር ሙሉ እየነዳ ስልክ ያልነካ ሰው» ሲሉት አዳራሹ አጨበጨበ። ደሚቱም ታጨበጭብ ነበር፤ መሃል ላይ እጇ ቆመ።

በማግስቱ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ «ቁልፉ ጎረቤት ነው።» አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ፣ «እሺ፣ ሽንኩርት እገዛለሁ።» የአምስት ወር መልስ፣ ሁሉም ልጆቹን ጭኖ መንገድ ላይ ባለበት ሰዓት።

«ቤት ሲገባ ጠየቅሁት» አለችኝ። «ሳቀብኝ። በትንሿ እኮ ነው፣ ትንሿ አትቆጠርም አለኝ።»

እንደ አብዛኞቻችን ሁለት ስልክ ይይዛል። አፑ የተጫነው በትልቁ ላይ ነው። ትልቁን ስልክ መኪናው መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ትንሿን ባለ ቁልፍ ስልክ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል፤ ሁሉም ሹፌር እንዲሁ ነው የሚያደርገው ብሏታል። ስታለቅስበት ግን ደንግጦ «በልደታ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» ብሎ ማለላት።

ሁለት ሳምንት ምንም አልላከችለትም። መሐላውን ይጠብቅ አይጠብቅ አለማወቋ ግን እንቅልፍ ነሳት። ያን ሐሙስ ኮሌታ እየሰፋን ሳለ ማሽኗን አቆመችና «ደረሳችሁ?» ብላ ጽፋ ላከች። ወዲያው ፊቷ አመድ መሰለ።

«ምን አደረግሁ» አለች። «አሁን እኮ እያነበበው ነው።»

ስልኩ ላይ አፈጠጥን። ባይመልስ ቃሉን ጠብቋል ማለት ነው፤ ወይም ደግሞ አደጋ ደርሷል። ይኼኛውን ማሰብ አልቻልኩም። ስልኩ ነዘረ።

«ሜክሲኮ ጋ ነን። ምነው?»

ልትመልስለት እጇን አነሳችና ተወችው። ብትመልስለት ያነባል።

ስልኩ እንደገና ነዘረ፣ «ደሚቱ?»

ዝም ስትለው ባሰበት። ሦስተኛው መጣ፣ «ምን ሆንሽ?» በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ ደንግጫለሁ፣ እንዲህ ፈርቼ ግን አላውቅም። ብንመልስም ባንመልስም ያ ሰው አንገቱን ወደ ስልኩ ይደፋል፤ ኢሊሊ ደግሞ ከኋላው ናት።

ከዚያ ራሱ ደወለ። አነሳችው። ልጆቹ ሲዘፍኑ ይሰማል።

«ዳር ያዝና አቁም» አለችው።

«ልጆቹ ይረፍድባቸዋል እኮ፣ ምን ሆነሽ...»

ረጅም ክላክስ ተሰማ፣ ቀጥሎ የፍሬን ድምፅ። ዘፈኑ ተቋረጠ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ደሚቱ ስልኩን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ አጣበቀችው።

«ምንም አይደለም» አለ ሰላሁን፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «አንድ ሞተረኛ ነው፤ አልፏል።»

«አቁም» አለችው በሹክሹክታ። አቆመ።

የልብስ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። ሜክሲኮ ስንደርስ ትንሿን ስልክ ከእጁ ወሰደችና ልጆቹ ትምህርት ቤት እስኪገቡ አጠገቡ ተቀመጠች፤ እኔም ከኋላ ገባሁ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ አመራች። ሰላሁን ሥራውን፣ ኢሊሊም ነፃ ትምህርቷን እንደሚያጡ በር ላይ ይዤ ነገርኳት።

«ይጡ» አለችኝ። «በሕይወት ይኑሩልኝ።»

አቶ ገብረጊዮርጊስ መልእክቶቹን ከነሰዓታቸው አንድ በአንድ አነበቡ። ቆመው ጀምረው መሃል ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው ቀና አሉ።

«ይኼን ሁሉ ወር፣ በዚያ ሰዓት ይጽፍለት የነበረው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ደሚቱ።