የምተፋው ቀይ ወይን

ከጉደር የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው፤ ሰው ሳያየኝ ልሄድ ተብሎ ነበር፤ ግቢያችን ግን ሠርግ ቤት መሰለ። የሰፈራችን ሽማግሌ ኦቦ ዲንሳ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡና እንደ አገራችን ደንብ ግንባሬ ላይ እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁኝ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነውና እንዲህ ያለውን አይወድም፤ ፊቱን ወደ በረቱ አዙሮ እስኪጨርሱ ጠበቀ። ከዚያ እሱም ጸለየልኝና ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ሌላ ምንም አልልህም። መጠጥ ብቻ እንዳትነካ።"

ይህን ያለው በራሱ ደርሶበት ነው። ጌታን ሳያገኝ በፊት ጌዶ ገበያ በሬ ሸጦ አረቄ ቤት የሚያድር ሰው ነበር። እናቴ በር ላይ ቆማ ስታለቅስ አሁንም ይታየኛል። ስለዚህ ቃል ገባሁለት፤ የገባሁትም ከልቤ ነው።

መንገዱን አልዘረዝርላችሁም። ሱዳንን፣ በረሃውን፣ ሊቢያን፣ ባሕሩን ያለፈ ያውቀዋል፤ ያላለፈውን እግዚአብሔር አያሳየው። ብቻ ወጥቼ ወጥቼ ሲሲሊ ደረስኩ። ኤትና በሚባል እሳተ ገሞራ ሥር፣ ዶን ሳሮ የሚባሉ ሽማግሌ እርሻ ላይ ወይን ለቃሚ ሆንኩ። ዶን ማለት እኛ ኦቦ እንደምንለው ነው። ቃሌን አላፈረስኩም፤ መልቀም መጠጣት አይደለም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ፤ ለአባቴ ግን በስልክ "ፍራፍሬ እለቅማለሁ" ነበር የምለው።

አፈሩ ጥቁር ነው። ወንጪ ወርዳችሁ የምታውቁ ከሆነ እግራችሁ ያውቀዋል። ተራራው ሲቆጣ አመድ ያዘንባል፤ ያጠብኩትን ሸሚዝ ከገመድ ላይ ሳወርድ ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው እመስላለሁ፣ የእኔ ዱቄት ጥቁር መሆኑ ነው እንጂ። ዶን ሳሮ በአመዱ አያማርሩም፤ ወይኑን ቀይና ብርቱ የሚያደርገው እሱ ነው ይላሉ። ምግቡስ ካላችሁ ፓስታ ነው፤ ትናንትም ፓስታ ነበር። እኔ በቅቤ የራሰ ጭኮ እያሰብኩ የወይራ ዘይት እልሳለሁ።

የመኖሪያ ፈቃድ ልጠይቅ የሄድኩ ቀን የቢሮው ሰውዬ ፊቴን እንኳ አላየም።

"ከየት ነህ?"

"ከአምቦ አካባቢ።"

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ውሃው ከነጋዙ ከመሬት የሚወጣበት አገር ነው።"

ብዕሩን አስቀመጠ። "ጋዝ ያለው ውሃ ከመሬት እየወጣላችሁ እዚህ ምን ልትሠራ መጣህ?" አጠገቡ ያለው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። "የዓመት ሥራ ውል አምጣ። ለቀማ ውል አይሆንም" ብሎ ሸኘኝ። ያለ ውል ፈቃድ የለም፤ ያለ ፈቃድ ደግሞ አገሬ ገብቼ ወላጆቼን አይቼ መመለስ የለም። ያን ቀን ወደ እርሻው ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ።

ለቀማው ሲያልቅ ዶን ሳሮ ጠሩኝ። "ወይኑ ከሚጠመቅበት ምድር ቤት ገብተህ ከእኔ ጋር ሥራ፤ ዓመቱን ሙሉ። ውሉን እፈርማለሁ። ግን መቅመስ አለብህ፤ የማይቀምስ ሰው እዚያ ዕውር ነው።"

"አልጠጣም፣ ዶን ሳሮ።"

"ታመሃል?"

"ፕሮቴስታንት ነኝ።"

"ፕሮቴስታንቶች አውቃለሁ፤ ከእኔ የበለጠ ይጠጣሉ!"

"የጉደሮቹ አይጠጡም።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ለማንኛውም ግባና እይ አሉኝ። ልቤ ተሰብሮ ተከተልኳቸው። ከአንዱ በርሜል ቀዱ፣ አሸተቱ፣ አፋቸው ውስጥ አንገላቱት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው እንትፍ! ጫማዬ ላይ ሁሉ ተረጨ። እኔም ሳላስብ ኮፍያዬን አውልቄ ጎንበስ አልኩና፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ "አሜን!" አልኩ።

ዶን ሳሮ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። "ምን እያደረግህ ነው?"

"እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲመርቅ እንዲህ ነው" አልኳቸው፤ አፈርኩም። ግድግዳ ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሲበቃቸው ሌላ ቀዱና፣ አሁን አውቀው፣ በደንብ አድርገው መረቁኝ። አሜን አልኩ። ያኔ ነው የገባኝ።

"ቆይ፣ አይውጡትም እንዴ?"

"የዚህን ሁሉ በርሜል ብውጥ እስከ ምሳ በእግሬ እቆማለሁ?"

ሥራው መትፋት ከሆነማ! እኔም ፈራ ተባ እያልኩ አፌ ውስጥ አደረግሁት። ጎምዘዝ ይላል፣ ምላስ ይይዛል፣ መጨረሻው ላይ ዝናብ የመታው ድንጋይ ይሸታል። ተፋሁት። አልሰከርኩም፤ መብረቅም አልመታኝም። ውሉ ተፈረመ፣ ፈቃዱም ወጣ፤ ወረቀቱን ይዤ ስወጣ ከደስታዬ ብዛት የማላውቀውን ሰው አቀፍኩ።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ፤ ለአባቴ መንገር። ቃልህን አፍርሰሃል ካለኝ ወረቀቱ ምን ያደርግልኛል? እሑድ ከጸሎት በኋላ ደወልኩና እውነቱን ሁሉ አወጣሁት።

"ትውጠዋለህ?" አለ።

"አልውጠውም አባዬ፣ እተፋዋለሁ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"ያን ጊዜ እኔም ይህን ባውቅ ኖሮ እናትህ ባላለቀሰች" አለና ሳቁ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ፤ ደረቴ ላይ ተጭኖ የኖረው ነገር ሁሉ አብሮ ወጣ። ከዚያ ሳቁን አቆመና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ታዲያ በዚህ ወረቀት መምጣት ትችላለህ?"

"እችላለሁ አባዬ።"

ስልኩን ሳይዘጋው ጥሎት ወጣ፤ ግቢው ውስጥ እናቴን "ኒ ዱፋ! ይመጣል! ትሰሚያለሽ? ይመጣል!" እያለ ሲጣራ ሰማሁ። ሁለቱም ስልኩ ክፍት መሆኑን ረሱት። እኔም አልዘጋሁትም፤ ካርዴ እስኪያልቅ ድረስ በጆሮዬ እቤቴ ቆየሁ።