ጠግበው የተኙት

አራዳ ውስጥ በአንድ አዳራሽ መንበረ የሥዕል ዐውደ ርእይ ታስጎበኛለች። ሥዕሎቹ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት አውሮፓ ውስጥ በሰነፍና በሆዳም ለመሳለቅ የታተሙ ናቸው፤ የሚያያቸው ሁሉ ስቆ ይወጣል። አንድ ሽማግሌ ብቻ ሦስት ቀን ተመላልሰው አንዴም አልሳቁም።

ያረጀ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ይገባሉ። ወንበር ሲሰጧቸው እምቢ ይላሉ። ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው፣ በሩንም ከዓይናቸው ሳያርቁ ይቆማሉ። ውጭ ባጃጅ ባጓራ ቁጥር ይበረግጋሉ። የሚያዩት አንድ ሥዕል ብቻ ነው፤ አራት ወፍራም ሰዎች ከወይን በርሜል አጠገብ ሜዳ ላይ ተዘርረዋል።

በሦስተኛው ቀን መንበረ ጠጋ አለቻቸው።

"አያ፣ እነዚህ እኮ በልተው ጠጥተው የተኙ ናቸው። ቀልድ ነው።"

"ምነው ታዲያ ሆዳቸው እንዲህ ተነፋ?"

"ከጥጋብ ብዛት ነዋ!"

"አይደለም ልጄ" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሜዳ ላይ የቀረ ሰው በሦስተኛው ቀን ነው እንዲህ የሚነፋው።"

 መንበረ ወር ሙሉ ስትስቅበት የከረመችውን ሥዕል ቀና ብላ ማየት ፈራች። ሽማግሌው ግን ተጠጉት። ከተዘረሩት የአንደኛው ዓይን ገርበብ ብሎ ተከፍቷል። በሁለት ጣቶቻቸው ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች ዳበሱት፤ የሞተ ሰው ዓይን እንደሚከደን።

"ያኔ ተኩሱ አላስጠጋ ብሎኝ ዓይኑን ሳልከድንለት ሸሸሁ" አሉ።

መንበረ በእሳቸው ፈንታ በሩን ልትጠብቅ ዞረች።