ውኃው እስኪረጋ

ነፍሳቸውን ይማርና አጎቴ፣ ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ባለው፣ ውኃ በተኛበት የሩዝ ማሳቸው ውስጥ ገብተው ውኃው ከተንቀሳቀሰ «ዓሣ ነው» ለማለት አይቸኩሉም ነበር። የራሳቸው እግር ያነሣው ሞገድ እስኪረጋ ቀጥ ብለው ይቆማሉ።

ባለፈው ክረምት አንድ ጽሑፍ አነበብሁላቸው። ከአቶም ያነሱ ቅንጣቶችን እርስ በርስ በሚያጋጭ ትልቅ መሣሪያ ያልተጠበቀ ምልክት ታየ፤ ሁሉ ነገር ከሚንቀጠቀጡ ረቂቅ ክሮች የተሠራ ነው የሚሉ ሊቃውንት ምናልባት ክሮቹ ይሆናሉ ይላሉ።

«ሊቃውንቱ ቆመው አይተዋል?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«የራሳቸው እግር ያነሣው እንዳይሆን ነዋ። መሣሪያስ እግር የለውም?»

«ክሩን አላመኑትም ማለት ነው» አልሁ እየሳቅሁ።

«ክሩንማ ወደድሁት። ስለወደድሁት ነው ቁሚ የምልሽ።»

ከተቀበሩ በኋላ ማሳው ውስጥ ገባሁ። መኻል ላይ ውኃው ተንቀሳቀሰ። ቆምሁ፤ የእኔ ሞገድ ረጋ፤ ያኛው ግን መንቀሳቀሱን አልተወም።

«አጎቴ፣ ቆሜአለሁ፤ አሁንስ?» ብዬ ዞርሁ።

እርሳቸው ይቆሙበት በነበረው በኩል ውኃው ጸጥ ብሏል።