ሊሞት የተዘጋጀው የወለላ ባል

ወለላ ባሏ ጻድቅ መሆን ከጀመረ ወዲህ አንድ ዕቃ ባስቀመጠችበት ቦታ አግኝታ አታውቅም።

ባሏ ይማም አናጢ ነው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ የእሱ መዶሻ ያላረፈበት ጣሪያ ጥቂት ነው። አንድ የዐቢይ ጾም እሑድ ሰባኪው «ሊከተለኝ የሚወድ ራሱን ይካድ፤ መስቀሉንም ተሸክሞ ይከተለኝ» የሚለውን ቃል ሲያስተምር ሰማና እያለቀሰ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆነ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾም የነበረውን እስከ አሥራ አንድ አደረገው። ቆዳ ጫማውን ለለማኝ ሰጥቶ በጎማ ጫማ ይሄድ ጀመር። ወለላ ይሄን አልተቃወመችም። የራሱ ጫማ ነው።

በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከሰሜን ሲገፋ፣ ከቆቦና ከወልድያ የተፈናቀለው ሕዝብ ከተማዋን ሞላት። ያኔ ይማም ፍራሹን ሰጠ። ቀጥሎ ትልቁን ድስት። ቀጥሎ ወለላ ከእናቷ የወረሰችውን የበግ ጠጉር ባና። ወለላ ሐይቁ ዳር ዓሣ ጠብሳ ስትሸጥ ውላ ብርድ እያንዘፈዘፋት ገባች፤ አልጋው ራቁቱን ነው።

«ባናው የት ሄደ?»

«ከመርሳ ለመጣች አራስ ሰጠኋት።»

«ለአራስስ ይሰጥ። ግን የማን ነበር?»

«የእኔም የአንቺም አይደለም ወለላ። የእግዚአብሔር ነው።»

«እግዚአብሔር ሲፈልግ ያንኳኳል፤ ይጠይቃል። አንተ ግን እኔ ዓሣ ስገላብጥ ጠብቀህ ነው የምትወስደው!»

ይማም በርኅራኄ ፈገግ አለ። ከሁሉም የሚያበግናት ይሄ ፈገግታው ነው። ለንስሐ አባታቸው ብትነግር «ባልሽ የተባረከ ሰው ነው፤ ታገሺው» አሏት። ከሄደችበት የባሰ ተናድዳ ተመለሰች።

በግድግዳ የሚዋሰኗቸው ጎረቤት እማማ ዘሀራ ይባላሉ። አንድ ጎናቸው ሽባ ሆኖ አልጋ ላይ ከዋሉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። አንዲቷ ልጃቸው ኢቲሳም ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ወለላ በየጠዋቱ ወደ ዓሣዋ ከመሄዷ በፊት ውሃ አሙቃ ታጥባቸዋለች፤ ታገላብጣቸዋለች፤ አጉርሳ ትወጣለች። እማማ ዘሀራ ደግሞ በቀላሉ አይደሰቱም። «ውሃው ቀዝቅዟል» ይላሉ። «ቀስ በይ እንጂ፤ እንጨት መሰልኩሽ?» ይላሉ። ወለላ እያጉረመረመች ትገባለች፤ እያጉረመረመች ትወጣለች። ይህን ሥራ ጽድቅ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም፤ እሷም ብትሆን።

ጥቅምት ላይ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከውጫሌ በኩል መሰማት ጀመረ። ሰው ወደ ደሴ ጎረፈ። የወለላ ወንድም በሚያውቀው አይሱዙ ላይ ቦታ ያዘላት። ይማም ግን በሩ ላይ ቆሞ፣ «እኔ አልሄድም» አለ። «ቤተ ክርስቲያኑን ባዶ አልተወውም። ለሞትም ተዘጋጅቻለሁ።»

«እኔን አማክረህ ነው የተዘጋጀኸው?»

«ሰማዕትነት ክብር ነው ወለላ።»

ልትሰናበት ወደ እማማ ዘሀራ ገባች። አሮጊቷ ጓዟን አይተው ገባቸው።

«ሂጂ ልጄ። አብሽሪ፤ አላህ አለ።»

«ውሃ ማን ያቀምስዎታል?»

«ሂጂ አልኩሽ እኮ!» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ያለ ሰው እርዳታ ማዞር የሚችሉት ፊታቸውን ብቻ ነበር።

ወለላ መኪናው ላይ ወጣች። አይሱዙው ተነሥቶ የመጨረሻዎቹን ቤቶች ሳያልፍ የጋቢናውን ጣሪያ በጡጫ ትደበድብ ጀመር።

«አውርዱኝ!»

«አብደሻል?» አላት ወንድሟ።

«እዚያ የቀሩት ሁሉ አብደዋል፤ እኔ ብቻዬን ጤነኛ ሆኜ ምን ልሠራ ነው?»

ጓዟን ተሸክማ፣ ይማምን፣ ዘሀራን፣ የገዛ እግሯን ሳይቀር እየረገመች ተመለሰች።

ከተማዋ በታጣቂዎች እጅ ገባች። መብራት ጠፋ፤ ስልክ ዝም አለ፤ ወፍጮ ቆመ፤ ቧንቧው ደረቀ። ይማም የሚጠብቀውን ሞት ማንም አላመጣለትም። በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ይመለሳል፤ ይጾማል፤ ይሰግዳል። ውሃ ከሐይቁ የምትቀዳው ወለላ ናት። የነቢያት ጾም በገባ በሁለተኛው ቀን እማማ ዘሀራን ልታነሣ ስትል ወገቧ ቋ አለ። ይማም ደግፎ ቤቷ አስገባት፤ ከዚያ በኋላ መቀመጥ እንኳ አቃታት።

«ይማም፣» አለች ተኝታ ጣሪያውን እያየች፣ «ጎረቤታችንን እትዬ ኡሙሰልማን ጥራልኝ። የእማማ ዘሀራን ገላ እሳቸው ያጥቡልኛል። ግን አቅም የላቸውም፤ ውሃውን አንተ ትቀዳለህ፤ እማማ ያቆሸሹትን ጨርቅ ሐይቁ ዳር ወስደህ ታጥባለህ።»

ይማም መሬት መሬቱን አየ። «ውሃውን እቀዳለሁ። ጨርቁን ግን… ሰው ያየኛል ወለላ። ሌላ ሴት አትገኝም?»

«ሰው ያየኛል?» ልትነሣ ሞክራ ወገቧ መለሳት። «ሞት የቀለለህ ሰውዬ የአሮጊት ጨርቅ ከበደህ? ‹ራሱን ይካድ› ነው የሚለው ይማም! ‹የሚስቱን ባና ይካድ› አይልም! እስከ ዛሬ የካድከው እኔን ነው፤ ራስህንማ መቼ ነካኸው!»

ከግድግዳው ማዶ የእማማ ዘሀራ ድምፅ መጣ። «ኧረ ተዪው! እኔ እንዳለሁ እተኛለሁ!»

«እርስዎ ደግሞ አርፈው ይተኙ!» ብላ ጮኸች።

ይማም ወደ እማማ ዘሀራ ቤት ተሻገረ። ከዚያ ጨርቁን ጠቅልሎ ወጣ። ሐይቁ ዳር ከጽዋ ማኅበሩ ሁለት ሰዎች ውሃ ሲቀዱ አገኘ። አንደኛው የያዘውን አይቶ ደነገጠ።

«ምነው ይማም? ወለላ ሞተች እንዴ?»

«የለም፤ ደኅና ናት።»

«ታዲያ?»

ይማም ጨርቁን ውሃው ውስጥ ነከረ። አንገቱን ደፍቶ ማሸት ጀመረ። እንደዚያ ቀን ፊቱ ተቃጥሎ እንደማያውቅ በኋላ ለወለላ ነግሯታል። ሲመለስ ወለላ ጨርቁን አሸተተች።

«ይሄ ታጥቦ ነው? ሳሙና ቢጠፋ እንዶድ ጠፋ?»

መልሳ ላከችው። ሄደ። በማግሥቱም ሄደ። በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ባዶ ሆዱን ጀሪካን ተሸክሞ ሲመጣ ዓይኑ ጨለመበትና እማማ ዘሀራ ደጅ ላይ ወደቀ። ውሃው ፈሰሰ። እትዬ ኡሙሰልማ የደረቀ ዳቦ አምጥተው እጁ ላይ አስቀመጡለት።

«ብላ። መጾሙንስ ጹም፤ ግን ውሃውን ሳትደፋ ጹም።»

በላ። እንደ ስእለት የጠበቀውና የኮራበት ጾም በሦስት ሰዓት ተፈታ። ገብቶ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ዛሬ በጠዋት በላሁ።»

«ጎሽ። ነገም በልተህ ሂድ።»

ነጠላዋን እግሯ ላይ አስተካከለና፣ «ባናውን ጠይቄሽ መስጠት ነበረብኝ» አለ።

«ነበረብህ።»

ወገቧ እየቆረጣት ስለነበር ይቅርታውን በደንብ የምታዳምጥበት ፋታ አልነበራትም።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ታጣቂዎቹ ለቀው ወጡ። ስልክ ሲመለስ ኢቲሳም ከጅዳ ደውላ በእናቷ ድምፅ ብቻ ግማሽ ሰዓት አለቀሰች። እማማ ዘሀራ እስከ ረመዳን ቆዩ። ያረፉት በንጹሕ አልጋ ላይ፣ ሾርባው ጨው አንሶታል ብለው ወለላን ከተቆጡ በኋላ ነው። ወለላ ለቅሶው ላይ ቀናቱን ሁሉ ተቀመጠች። ወገቧ እስከ ዛሬ አልቀናም።

ከጦርነቱ በኋላ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በዚያ መከራ በሃይማኖታቸው የጸኑ ሰዎች ምስክርነት ይስጡ ተባለና ይማም ተጠራ። ተነሣ።

«ሚስቴ ጨርቅ እጠብ አለችኝ፤ አጠብኩ» አለ። «መጀመሪያ ላይ በደንብ አላጠብኩም ነበር።»

ሰው ቀጣዩን ጠበቀ። ይማም ተቀመጠ። ወለላ በሴቶች በኩል ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

«ከዚያ ሁሉ መከራ የታየህ ጨርቁ ብቻ ነው?» አለችው መንገድ ላይ። «አሁን ሰፈሩ ምን ይለኛል? ባሏን ጨርቅ የምታሳጥብ ሴት!»

«እውነቱን ነው የተናገርኩት።»

«ይኸው! ስትሰጥ ታናድደኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ስትናገር!»

ቤት እስኪደርሱ አላቆመችም።