ለቅጣት የተሰጣት ሜዳ

ኮሌጁ ውስጥ ተማሪው ሁሉ «መርፌ» የሚላት የባዮሎጂ መምህር ነበረች። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ስትናገር ስለምትወጋ ነው። የሰነፍ ተማሪ ሰበብ አትሰማም፤ ሰነፍ ባለሥልጣን ደግሞ ገና ሲያስነጥስ ይሰለቻታል። ከምትንቃቸው ሁሉ ቁንጮው የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ነበር።

ሰውየውን «ሜዳሊያ» ይሉታል። ቢሮው ግድግዳ ላይ በምን ውድድር እንደተገኘ ማንም የማያውቀው ሜዳሊያ ሰቅሏል። ሲጠይቁት «ያኔ እኮ...» ብሎ ይጀምርና ስልክ እንደተደወለለት ሰው ውልቅ ይላል። ሜዳ የሚረግጠው ፎቶ አንሺ ሲመጣ ብቻ ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ «አሸነፍን»፣ ሲሸነፍ «ተሸነፉ» ይላል።

አንድ ቀን ይኸው ሰው መምህራን ማረፊያ ክፍል መጥቶ አጠገቧ ዘፍ አለ። የእግር ኳስ ቡድኑ አጥቂ የእሷን ፈተና ወድቋል፤ ከወደቀ ደግሞ አይሰለፍም።

«እህቴ፣ ልጁ እኮ እግሩ ወርቅ ነው።»

«እኔ የፈተንኩት እግሩን አይደለም።»

«ትንሽ ገፋ ብታደርጊው ምናለበት? ለኮሌጁ ክብር እኮ ነው!»

«ልብ ስንት ክፍል አለው ብዬ ብጠይቅ ‹ሁለት አጋማሽ› ብሎ ጽፏል። የቱን ልግፋለት?»

ሜዳሊያ በቀጥታ ወደ ዲኑ ሄደ። ዲኑ ደግሞ ነፋስ ወደነፈሰበት የሚዘም ሰው ነው። በሳምንቱ አስጠራትና «ስፖርተኛ የማይገባሽ ከሆነ እዚያው ሄደሽ አብረሻቸው ኑሪ» ብሎ የሜዳሊያ ረዳት አደረጋት።

ታላቅ እህቷ ወሬውን ስትሰማ በሳቅ ፍርስ አለች። «የተማረ ሰው ኳስ ሊነፋ! እማዬ ይህን ጉድ ሳታይ መሄዷ በጀ።» መርፌ ለወትሮው አፏ አይታሰርም፤ ያን ቀን ግን እራቷን ገፍታ ተነሳች።

የስፖርት ክፍሉ ያለ ሰው ነበር ማለት ይቻላል። የሴቶቹ መረብ ኳስ ቡድን ልብስ መቀየሪያ የተሰበረ ወንበር መጣያ ሆኗል፤ ልጆቹ ከዛፍ ጀርባ አንዷ ለሌላዋ ፎጣ እየጋረደች ይቀይራሉ። መርፌ እጅጌዋን ሰብስባ ወንበሮቹን አወጣችና ሜዳሊያ ቢሮ በር ላይ ደረደረቻቸው።

«ምንድነው ይሄ?» አለ፣ መግቢያ ሲያጣ።

«እንግዳ ስለሚበዛብዎት ነው» አለችው።

ስለ መረብ ኳስ የምታውቀው ኳሱ ክብ መሆኑን ነበር። ጡንቻና መገጣጠሚያ ግን ታውቃለችና፣ በምታውቀው እያስተማረች የማታውቀውን ከልጆቹ ተማረች። አምበሏ «መምህር፣ ኳስ ሲመጣብዎት ዓይንዎን አይጨፍኑ» ስትላት እንኳ አልተቆጣችም።

ልጆቹ ለፍጻሜ ደረሱ። ጨዋታው ሌላ ከተማ ነው። ጠዋት መርፌ ኮሌጁ በር ላይ ስትደርስ ልጆቹ ሻንጣቸውን ታቅፈው ውጭ ቆመዋል፤ አውቶቡሱን የሞሉት የሜዳሊያ አማቾች ናቸው። እዚያው ከተማ ሰርግ አለባቸው።

«ልጆቹ በሕዝብ ማመላለሻ ይከተላሉ» አለ ሜዳሊያ። «ታዲያ አማቾቼን ውረዱ ልበላቸው?»

«እርስዎ ካፈሩ እኔ እላቸዋለሁ።»

አውቶቡሱ ላይ ወጥታ መተላለፊያው ላይ ቆመች። «እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ይህ መኪና የእነዚያ የቆሙት ልጆች ነው። ዛሬ ካልደረሱ ውድድሩ ያመልጣቸዋል።»

ከፊት የተቀመጡት አማቱ፣ ያጌጡ ትልቅ ሴትዮ፣ በመስኮት ልጆቹን አዩ፤ ከዚያም በሩ ላይ ወደቆመው ሜዳሊያ ዞሩ። «አንተ! የተማሪ መኪና ላይ ነው እንዴ ያሳፈርከን? መኪናው የራሴ ነው አላልከኝም?» ብለው ቀድመው ወረዱ። ሌላውም እያጉረመረመ ተከተላቸው።

ልጆቹ ዋንጫውን አላገኙም። መርፌ ስትመለስ «ተሸነፍን» አለች እንጂ ሰበብ አልደረደረችም። የአውቶቡሱን ወሬ ግን አማቱ ራሳቸው በየሰርጉና በየልቅሶው ስላዳረሱት፣ ሜዳሊያ መንገድ ላይ አንገቱን ደፍቶ መሄድ ጀመረ። ዲኑ ነፋሱን አሸተተና ሰውየውን ሥራ የሌለው «አማካሪ» አድርጎ፣ ወንበሩን ለመርፌ ሰጠ።

ሹመቱ ሲነገር አዳራሹ ሞልቷል። «ይህችን ሴት ገና ድሮ ተሰጥኦዋን ለይቼ ነው ወደ ስፖርት የላክኋት!» አለ ዲኑ። ጭብጨባው ቀለጠ። እህቷ እንኳ ከፊት ተቀምጣ ጎረቤቷን በክርን እየጎሸመች «እኔ ነኝ የገፋፋኋት» ትላለች።

መርፌ ተራዋ ሲደርስ «ዲናችን የላኩኝ ለቅጣት ነበር። ቅጣቱ ስለተስማማኝ አመሰግናለሁ» ብላ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዲኑም ገብቶት እንዳልገባው ሆኖ አብሮ ሳቀ።

ዛሬም ክፍሉን የምትመራው እሷ ናት። ዋንጫ አንዳንዴ ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይመጣም። ጠዋት ጠዋት ባዮሎጂም ታስተምራለች። የወደቀ ተጫዋች ሊለማመጣት ከመጣ መጽሐፉን ታቀብለውና «አንብብ፣ እኔም ሥራ አለብኝ» ብላ ከፊቷ ታስቀምጠዋለች። አንብቦ ሳይጨርስ የተነሳ እስካሁን የለም።