የእንግሊዟ ሚስትና የአሜሪካዋ ሚስት

ሰው እየዘፈነ ሲያለቅስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እያለቀሰ ብድግ ብሎ ሲዘፍንና ሲጨፍር ያየሁት ግን በአንድ የእንግሊዝ ድራማ ነው። ዝናብ በማይለቃት አንዲት የባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ ሥጋ ቤት ያለው ሰውዬ ሚስቱን ጥሎ ከፀጉር ሠሪ ጋር ይሄዳል። ሚስትየዋ በተሰቀለው ሥጋ መሃል ቆማ እንባዋን ስትጠርግ ሙዚቃ ይነሳል፤ ትዘፍናለች። ተሰልፈው የሚጠብቁት ደንበኞችም እየተቀበሉ ይጨፍራሉ። ዘፈኑ ሲያልቅ ምንም እንዳልተፈጠረ "ሁለት ኪሎ አድርጊልኝ" ይላሉ።

"አብደዋል እንዴ?" አሉኝ ጎረቤቴ።

"እኔ እንጃ እትዬ። እዚያ አገር እንዲህ ይሆን ይሆናል።"

እትዬ የምላቸው እኚህ ሴት ከቁስቋም በታች አጥር የሚጋሩኝ ናቸው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደባቸው ቴሌቪዥኑን ይሰሙታል እንጂ አያዩትም፤ እንግሊዝኛም አይችሉም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሥራዬን ስጨርስ ፊልም የተጫነበትን ፍላሽ ይዤ እሄድና አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የማየውንም የሚባለውንም እነግራቸዋለሁ። እኔም ብሆን ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛ የለመድኩት ከፊልም ሥር ከሚጻፈው ጽሑፍና ሽፋን ከሌለው አንድ መዝገበ ቃላት ነው። ያልገባኝን ከራሴ እሞላዋለሁ፤ ይህን አልክድም።

ይህን ድራማ ግን ዝም ብለው አልነበረም የሚከታተሉት። የራሳቸው ባል ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሌላ ሴት ተከትሎ ሐዋሳ ገብቶ ነበር። አሁን ደግሞ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች በኩል "ልመለስ" ብሎ ልኮባቸዋል። እስከ እሑድ መልስ ይጠበቅባቸዋል። ለሽማግሌዎቹ "እጸልይበታለሁ" አሏቸው። ለእኔ ደግሞ "እስቲ መጀመሪያ ያቺ ሴትዮ ምን እንደምትለው ልስማ" አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉት፤ ሳቃቸው ግን አላሳመነኝም።

አምስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ባልየው ሻንጣውን ይዞ ተመለሰ። ዝናቡ እየወረደበት በሩን አንኳኳና መዝፈን ጀመረ። የበሩ እጀታ ትንሽ ዞር ሲል ፋይሉ አለቀ።

"ከፈተችለት?"

"አልቋል እትዬ።"

"እንዴት ያልቃል? ሰውዬው ዝናብ ላይ ቆሞ!"

በነጋታው ታክሲ መያዣው ጋ ፊልም ወደሚጭንልኝ ባለሱቅ ሄጄ "ቀጣዩን ስጠኝ" አልኩት። እሱም የሌላ ሰው ስልክ እየጠገነ ርዕሱን ፈለገና ሁለት ክፍል ጫነልኝ።

እትዬ ቤት ከፈትኩት። ዝናብ የለም። ፀሐይ፣ ዘንባባ፣ ሰማያዊ የመዋኛ ገንዳ። ሥጋ ቤቱ መኪና መሸጫ ሆኗል። ባልየው ሌላ ሰው ነው፤ ሚስትየዋም ሌላ፣ ጥርሷ በረዶ የመሰለ። ስማቸው ግን ያው ነው፣ ርዕሱም ያው። ግራ ገባኝ፤ ግን ብዙም አልቆየሁበትም። የእኛ ድራማ ላይ ተዋናይ ሲኮርፍ ወይም ውጭ ሄዶ ሲቀር በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው በቦታው ይቀመጥ የለ? ሚስትየዋም "ባሌ" ትለዋለች፣ እኛም እንለምደዋለን።

"እትዬ፣ ተዋናዮቹ ተቀይረዋል።"

"ማን ማን?"

"ሁሉም።"

"ሁሉም! ምን ሆነው?"

"እ... አሜሪካ ሄደው ቀርተው ይሆናል።"

"ወይ ጉድ! እንግሊዞቹም?"

ከዚያ የባሰው መጣ። ሄዶ የነበረው ባል ገና አልሄደም፤ ከሚስቱ ጋር ቁርስ ይበላል። "የድሮውን እያስታወሱ ነው" ብዬ አለፍኩት። ሁለተኛው ክፍል ሲያልቅ ሚስትየዋ የባሏን ጉድ ትደርስበትና ሙሉ ልብሶቹን እቅፍ አድርጋ፣ እየዘፈነች፣ ገንዳው ውስጥ ትወረውራቸዋለች።

"ጣለችው?" አሉ እትዬ ቀና ብለው።

"ልብሱን ነው።"

"ያው ነው።"

ከዚያ ስልካቸውን ሰጥተውኝ የሽማግሌውን ቁጥር አስደወሉኝ። "አይምጣ በሉት" አሉ፣ በቃ፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ረቡዕ ዕለት የቀረውን ልጠይቅ ባለሱቁ ጋ ተመለስኩ። ሳቀብኝ።

"የለም እህቴ። ይሄ እኮ አሜሪካኖቹ ታሪኩን ከእንግሊዞቹ ገዝተው እንደ አዲስ የሠሩት ነው። ሰው አልወደደላቸውም፤ ሁለት ክፍል አሳይተው አቆሙት።"

"ቀጣዩን አላልኩህም?"

"ስሙ አንድ ሲሆን ቀጣይ መሰለኛ።"

"ቆይ፣ የተሠራውን ለምን ደግመው ይሠሩታል? አሜሪካኖቹ እንግሊዝኛ አይሰሙም?"

"እሱ ለእኔም አልገባኝም" አለና የእንግሊዞቹን ስድስተኛ ክፍል ፈልጎ አገኘልኝ።

ብቻዬን አየሁት። ሚስትየዋ በሩን ከፈተች። አልዘፈነችም። የሥጋ ቤቱን ነጭ ሽርጥ አቀበለችውና "ሰው እየጠበቀ ነው፣ ግባ" አለችው። ገባ። ደግሜ አየሁት፤ አሁንም ገባ።

በእኔ ወሬ ሐዋሳ ያለ ሰው ቤቱን አጥቶ ይሆናል። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ግን የታሰበበት ውሳኔ ቢሆን ኖሮ እሺ፤ ይህ እኮ በሌላ አገር ሴትዮ ገንዳ የተወሰነ ነው። ሐሙስ ሄጄ አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

"ስለዚህ አንደኛዋ አስገብታዋለች፣ ሌላኛዋ ወርውራዋለች" አሉ።

"የአሜሪካዋ አላለቀም እንጂ ምናልባት ኋላ..."

"አንቺ! ምናልባት አትበይኝ።" ጉልበታቸውን አሻሹ። "ሁለቱም ባሌን አያውቁትም።"

ለሽማግሌው እንደገና ደወልንላቸው። "እሑድ ከአምልኮ በኋላ ግቢው ውስጥ ይጠብቀኝ" አሉ።

እሑድ አምልኮው ሲያልቅ ክንዳቸውን ይዤ ወጣን። ባልየው አንድ ጥግ ቆሟል፤ ኮቱ ሰፍቶታል።

"መጥቷል?"

"መጥተዋል። ከስተዋል።"

"አፍሯል?"

ፊቱን አየሁት። ያፈረም ይመስላል፣ የደከመም። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንዱን መርጬ እነግራቸው ነበር። "እሱን አላወቅኩም እትዬ" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና ድምፃቸውን ወደ እሱ መለሱ። "አንተ! እህትህ ቤት እደር። ሞራዬን ላስገፍፍና በዓይኔ አይቼህ እመልስልሃለሁ። እስከዚያ ሐዋሳ እንዳትሄድ።"

እሱም መሬት መሬት እያየ "እሺ" አለ። እሳቸው ከዘማሪዎቹ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ "ምን ማለቷ ነው? ታስገባኛለች ነው?" አለኝ።

"እኔ እንጃ ጋሼ" አልኩት። "ግን ሐኪም ቤቱን እርስዎ ቢያፈላልጉላቸው ጥሩ ነው።"