ለጳጉሜ ያልመደብኩት ቦታ

ሥራ የጀመርኩ ቀን መጀመሪያ የታዘዝኩት ጫማዬን እንዳራግፍ ነው። ያዘዘችኝ የኮምፒዩተሩ ኦፐሬተር ዘነበች ናት። በሩ ላይ ቆማ፣ «የመርካቶን አቧራ ይዘህብኝ እንዳትገባ፤ ማንበቢያው ካርድ ይበላብኛል» አለችኝ። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ውጭ አገር ተምሬ የመጣሁ ፕሮግራመር ነኝ፤ ከረባት አስሬያለሁ፤ ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ እንዲቀበለኝ ጠብቄያለሁ። ቢሆንም አራገፍኩ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። ድርጅቱ የጭነትና የመጋዘን ሥራ የሚሠራ ነበር። መኪኖቹ ከየጠቅላይ ግዛቱ ዕቃ እየጫኑ በአውቶቡስ ተራና በተክለ ሃይማኖት መካከል ባለው መጋዘን ያራግፋሉ። ኮምፒዩተሩ ከመጋዘኑ በላይ ፎቅ ላይ ተቀምጧል። ከታች «ዞር በል! ዞር በል!» የሚሉ ተሸካሚዎች፣ ከላይ ቀንም ሌትም የሚያጓራ የማቀዝቀዣ መሣሪያ። ባለቤቶቹ ማሽኑን ወደ ፒያሳ እንዲወስዱት ቢመከሩ፣ ዕቃው ባለበት ይሁን ብለው እምቢ አሉ።

ዛሬ የልጅ ልጄ በኪሱ የሚይዘው ስልክ ስንት እንደሚይዝ አላውቅም። የእኛ ማሽን አንድ ሰፊ ክፍል ሞልቶ፣ ሜሞሪው አስራ ስድስት ሺህ ፊደል ብቻ ይይዝ ነበር። ሥራው የሚገባው በተበሳ ካርድ ነው። በማዕረግ ከታች ካርድ የሚበሱ ልጃገረዶች አሉ፤ ከነሱ በላይ ኦፐሬተሯ፣ ከሷ በላይ እኔ። ከኔ በላይ የዋና ፕሮግራመሩ ወንበር ባዶውን ነበር። ሥራ አስኪያጁ አቶ ይልማ ለአዲስ ዓመት ሰው እንደሚቀመጥበት ነግረውኛል። ያንን ወንበር ሳየው እጄን ይበላኝ ነበር።

ዘነበች ትምህርቷ እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነው። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ሁለት ወንድሞቿን የምታስተምረው እሷ ናት። ካርድ እንዴት እንደሚራገብ፣ ጫፉ የታጠፈ ካርድ በጣት እንዴት እንደሚለይ ያስተማረችኝም እሷ ነች። አንድ ዘዴ ነበራት። የካርዶቹን ክምር አስተካክላ ታስርና በክምሩ ጠርዝ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ በቀይ እርሳስ አንድ ሰያፍ መስመር ትስባለች። አንዲት ካርድ ቦታዋን ከሳተች መስመሩ ይቆረጣል። ሦስት ሺህ ካርድ ቢበተን እንኳ በመስመሩ እየለየች መልሳ ትደረድረዋለች።

አሁን ስለ ሥራዬ ልንገራችሁ። ሜሞሪ ማለት ማሽኑ እየሠራ ነገር የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው፤ እያንዳንዱ ቦታ ቁጥር አለው። ፕሮግራም ቦታ ይጠይቃል፣ ይሰጠዋል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። የሚያከፋፍለው ከሜሞሪው ፈጽሞ የማይወጣ ተቆጣጣሪ ፕሮግራም ነው። ተቆጣጣሪው ባዶ ቦታዎችን አንዱን ከአንዱ እያያያዘ በዝርዝር ይይዛል። የመጀመሪያው ባዶ ቦታ ቁጥር ከጠፋበት ሁሉም ጠፋው፤ መንቀሳቀስ አይችልም።

ከፋብሪካ የመጣው ተቆጣጣሪ በአንድ ጊዜ አንድ ፕሮግራም ብቻ ያሠራ ነበር። አቶ ይልማ ግን ገቢ ዕቃ እየተመዘገበ ወጪ ዕቃም እንዲታተም ፈለጉ። «ይቻላል ወይስ አይቻልም?» አሉኝ። «ይቻላል» አልኩ፣ ሳላስብ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንቅልፌም እግሬም አላረፈም። ተፈጥሮዬ አንድ ቦታ መርጋት አይወድም። ወረቀትና እርሳስ ይዤ ደረጃ ለደረጃ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፤ ሲጠብበኝ አውቶቡስ ተራ ሄጄ የጎጃምና የወሎ መኪኖች ሲወጡ እያየሁ ቁጥር እደምራለሁ። ዘነበች «ወንበር ላይ እሾህ አለብህ እንዴ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ቦታ አከፋፋዩን ጻፍኩት፤ ከጥር ጀምሮ ሁለት ፕሮግራም ባንድ ላይ ሠራ። የፋብሪካው መሐንዲስ፣ በየሦስት ወሩ የሚመጣ ፈረንጅ፣ አይቶ አደነቀ። አንድ ነገር ግን አልወደደም። «ከባዶ ቦታዎቹ ዝርዝር አጠገብ ሌላ ሠንጠረዥ አስቀምጠሃል። አንዱ ከወሰኑ ቢያልፍ ሌላውን ያበላሸዋል። መሃሉን ባዶ ተወው» አለኝ። እሺ አልኩና አልተውኩትም። ባገሩ ሜሞሪ ተርፎታል፤ እኔ እያንዳንዷን ፊደል እየቆጠርኩ ነው የምኖረው ብዬ ናቅኩት።

ከዝርዝሩ አጠገብ ያስቀመጥኩት በየወሩ የገባውን የዕቃ እስር የሚቆጥር ሠንጠረዥ ነበር። አስራ ሁለት ቦታ ሰጠሁት። ፈረንጅ ቢሠራው ኖሮ ያገሩን ወር አያውቅም ይባል ነበር። እኔ የተክለ ሃይማኖት ልጅ ነኝ። ነገር ግን በደመወዝ የሚኖር ሰው ጳጉሜን አይቆጥራትም። ደመወዝ የላትም፣ የቤት ኪራይ የላትም፤ በመሥሪያ ቤት ቅጽ ላይ ከነሐሴ ጋር ትጠቀለላለች። እጄ አስራ ሁለት ብሎ ሲጽፍ አንድም የቆረቆረኝ ነገር አልነበረም። ጭነት ግን ደመወዝ አይደለም። መርካቶ ጭነት ከሚበዛባቸው ቀኖች ዋነኞቹ የጳጉሜ ቀኖች ናቸው።

ጳጉሜ አንድ ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ዘነበች ካርድ ተሸክማ ስትገባ ትሪው ከእጇ አመለጠ። ወዲያው ጮክ ብላ «ካርድ ጣልኩ!» አለች። አቶ ይልማ በኮሪደሩ ሲያልፉ ነበርና ሰሟት። ተንበርክካ ለቀመች፣ በቀዩ መስመር ደረደረች፣ ለማሽኑ አጎረሰች። ግማሽ ሰዓት ሠራ። ከዚያ ቀዩ መብራት በራ፤ ማሽኑ ቆመ። ብናስነሳው ተመልሶ ይቆማል።

ታች መጋዘኑ ተተራመሰ። ዕቃ የሚቀመጥበትን ክፍል የሚመርጠው ማሽኑ ስለነበር፣ ወረቀቱ ካልታተመ የማን ዕቃ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። የወሎው ነጋዴ ሐጂ ሰይድ ከዘራቸውን ይዘው ፎቅ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ አርባ እስር ነጠላና ጋቢ አስረክቤያችኋለሁ። ሸማ ተራ ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል። ዕቃዬ የታል?»

«ሐጂ፣ ማሽኑ ቆሟል።»

«ማሽኑ ይቁም! ዕቃዬን ምን አቆመው? የድሮው የመጋዘን ሹም ዓይኑን ጨፍኖ ያወጣልኝ ነበር።»

«ትንሽ ይታገሡኝ።»

«እኔስ ልታገሥ። እንቁጣጣሽ ይታገሠኛል?»

አቶ ይልማ ከኋላቸው ገቡና «ማን ነው የነካው?» አሉ። ዘነበች ወደ ፊት ቀረብ አለች። «ካርድ ጥዬ ነበር፤ ለይቼ ነው የመለስኩት» አለቻቸው። «በቃ፣ ምክንያቱ ታወቀ!» አሉ አቶ ይልማ። እስኪጣራ ድረስ ቤቷ እንድትቀመጥ አዘዟት። ከመውጣቷ በፊት የሜሞሪውን ይዘት እንዳለ በወረቀት አትማ፣ አጣጥፋ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችልኝ። እንዲህ ዓይነት ሠራተኛ ነበረች።

እኔ ክምሩን አነሳሁና ጠርዙን አየሁ። ቀዩ መስመር አልተቆረጠም። ካርዱ ደህና እንደነበር ያን ዕለት ቀትር ላይ አውቄዋለሁ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ወረቀቱን ዘርግቼ በቁጥር ላይ ቁጥር እከተል ጀመር። የመጀመሪያው ባዶ ቦታ ቁጥር ሊኖርበት የሚገባው ላይ ሌላ ቁጥር ተቀምጧል። ያ ቁጥር ጳጉሜ አንድ ጠዋት የገባው እስር ብዛት ነው። ፕሮግራሙ አስራ ሦስተኛውን ወር ሊመዘግብ ሲሄድ ቦታ አጥቶ በተቆጣጣሪው ዝርዝር መጀመሪያ ላይ ጽፎበታል። መሐንዲሱ ያለኝ ትዝ አለኝ፤ በራሴ አፈርኩ፤ ወዲያውም ሌላ ሰው አይቶብኝ እንደሆን ዙሪያዬን ቃኘሁ።

ለጳጉሜ ቦታ ሰጠኋት፣ ዝርዝሩን አራቅኩት፣ መሃሉን ባዶ ተውኩት። ግማሽ ቀን ብቻ ፈጀብኝ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሽኑ ተነሳ። የሐጂ ሰይድ አርባ እስር ተገኘ፤ በጋሪ ተጭኖ ሲወጣ ከመስኮት አየሁት። አቶ ይልማ እጄን ጨብጠው «ያቺ ልጅ ልታጠፋን ነበር፤ አንተ አወጣኸን» አሉኝ። ስህተቱ የማን እንደሆነ ሳልነግራቸው ወደ ማሽኑ ተመለስኩ።

ጳጉሜ ሦስት ቀን አቶ ይልማ የማሽኑን መቆም ምክንያት በጽሑፍ ጠየቁኝ። «ጉዳዩ በመጣራት ላይ ነው» ብዬ ጻፍኩ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ፊርማዬም አለበት። ወንበሩ ይታየኝ ነበር። ወንበሩን ካገኘሁ በኋላ እናገራለሁ፣ ያኔ እመልሳታለሁ እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

በማግስቱ መቀመጥ አቃተኝ። ከተክለ ሃይማኖት አውቶቡስ ተራ፣ ከአውቶቡስ ተራ ሸማ ተራ፣ ለበዓል ልብስ በሚገዛ ሰው መሃል እየተጋፋሁ ስንከራተት ዋልኩ። አንዷ ተሸካሚ «ወንድሜ፣ ወይ ሂድ ወይ ቁም!» ብላ ገላመጠችኝ። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ስመለስ የጸሐፊዋ የጽሕፈት መኪና ሲንጣጣ ሰማሁ። ምን እንደምትጽፍ አልጠየቅኩም።

ጳጉሜ አምስት ጠዋት አቶ ይልማ ቢሮ ገባሁና ሳልቀመጥ ተናገርኩ። ካርዱ ደህና ነበር፤ ስህተቱ የኔ ነው፤ ለጳጉሜ ቦታ ሳልሰጥ ቀርቼ ነው አልኩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ጳጉሜ ሁለት ቀን።»

«ዛሬ አምስት ነው።»

«አዎን ጌታዬ።»

«ሳይቃጠል በቅጠል ነበር። የስንብት ደብዳቤዋ ትናንት ወጪ ሆኗል፤ ደርሷታልም። ከትናንት በፊት ብትነግረኝ አንድ ወረቀት ቀድጄ እጥል ነበር። ዛሬ ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ብስብ ሠራተኛው ምን ይለኛል?»

«እኔን ያሰናብቱኝና እሷን ይመልሷት።»

«ኦፐሬተር ሞልቷል። አንተን ባሰናብት ማሽኑን ማን ያሠራልኛል? ሂድ፣ ሥራህን ሥራ።»

ለመንኳቸው፤ እሳቸው ግን ተነሥተው በሩን ከፈቱልኝ። ሥራዬን ጥዬ መውጣት ይገባኝ ነበር። አልወጣሁም።

ያን ዕለት ከቀትር በኋላ፣ ስህተቱ የኔ መሆኑን በእጄ ጽፌ ፈርሜ፣ ከተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወዳለው ቤቷ ሄድኩ። እናቷ አስገቡኝ። ዘነበች የታናሽ ወንድሟን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ትተኩስ ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ወረቀቱን ዘረጋሁላት። ካውያውን አስቀመጠች።

«አውቄያለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ያን ወረቀት አትሜ ስቀድልህ ዓይኔ ገባ። የባዶ ቦታው መጀመሪያ ላይ የእስር ቁጥር ተቀምጧል። እቤት መጥቼ ወሮቹን በጣቴ ቆጠርኩ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«የኔን ተናግሬያለሁ። ካርዱን የጣልኩ ጊዜ ማንም ሳይጠይቀኝ ተናገርኩ። ይኼኛው ያንተ ነው። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያልኩ አራት ቀን በር በሩን ሳይ ነበር።»

ወረቀቱን ተቀብላ ሳታነብ ለእናቷ ሰጠቻቸውና ካውያዋን አነሳች። እናቷ ተቀመጥ አሉኝ። አልተቀመጥኩም።

በመስከረም ዋና ፕሮግራመር ሆንኩ። ዘነበች በጥቅምት አንድ ሱቅ ውስጥ ጸሐፊ ሆና ተቀጠረች፤ ማሽን ዳግመኛ አልነካችም። በሥራ ዘመኔ ብዙ ኦፐሬተር አሠልጥኛለሁ፤ እሷን የሚያህል አላገኘሁም።

ከናንተ ውስጥ ቦታ የሚያከፋፍል ፕሮግራም የምትጽፉ አላችሁ። ሠንጠረዥ ታሳጥራላችሁ፣ የጎረቤት ቦታ ትደፈጥጣላችሁ፤ ሁላችንም አድርገነዋል፣ በግማሽ ቀን ይታረማል። ስህተቱ የራሳችሁ መሆኑን ባወቃችሁበት ቀን ተናገሩ። እኔ ሦስት ቀን ዘገየሁ፤ በነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ ዘነበች ሥራዋን አጣች።